የባሕር ኃይል አቪዬሽን፦ አመጣጡ፣ ዕድገቱና የባለቤትነት ክርክሩ

የባሕር ኃይል አቪዬሽን ሲባል በአንድ አገር የባሕር ኃይል ሥር ተደራጅተው ከመርከብ ወይም ከባሕር ዳርቻ ጣቢያ እየተነሡ የቅኝት፣ የውጊያ፣ ሰርጓጅ መርከብ የማደንና የነፍስ አድን ተግባር የሚያከናውኑ አውሮፕላኖችንና ሄሊኮፕተሮችን፣ እንዲሁም እነዚህን የሚያበርሩ፣ የሚጠግኑና የሚመሩ ባለሙያዎችን ያጠቃልላል። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ዘርፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በአውሮፕላኖቹ ፍጥነትና በመርከቦቹ ግዝፈት ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን በጥሞና ለሚመረምር ሰው የብዙዎቹን አገሮች ዕጣ የወሰነው ከመሣሪያው ይልቅ አንድ አስተዳደራዊ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም ከመርከብ ላይ የሚነሣው አውሮፕላን የባሕር ኃይሉ ነው ወይስ የአየር ኃይሉ? በጀቱን የሚይዘው፣ አብራሪውን የሚያሠለጥነውና የሚሾመውስ ማን ነው? የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ የዘርፉን አመጣጥና ዕድገት ከዚሁ ጥያቄ አኳያ ይቃኛል። የዘመን አቆጣጠሩ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን ነው።

ኖቬምበር 14 ቀን 1910 ዩጂን ኢሊ የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ፣ በርሚንግሃም በተባለችው የጦር መርከብ የፊት ክፍል ላይ ከተሠራ 25 ሜትር ገደማ ርዝመት ካለው የእንጨት መድረክ ተንደርድሮ ተነሣ። አውሮፕላኑ ከመድረኩ እንደወጣ ወደ ታች ወርዶ ጎማዎቹ ውኃ ቢነኩም እንደገና ከፍ በማለት በቨርጂኒያ ጠረፍ በሰላም አረፈ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1911፣ ይኸው ሰው በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ መልሕቋን ጥላ በቆመችው ፔንሲልቫኒያ በተባለች መርከብ ላይ በማረፍ ሁለተኛውን ታሪክ ሠራ። የማቆሚያው ዘዴ ቀላል ነበር። ጫፍና ጫፋቸው ላይ የአሸዋ ከረጢት የታሰረባቸው ገመዶች በመድረኩ ላይ አግድም ተዘርግተው፣ በአውሮፕላኑ ሥር የተገጠሙት መንጠቆዎች እየያዟቸው ፍጥነቱን ገቱት። ዛሬም በታላላቆቹ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ላይ ተዋጊ ጄቶችን የሚያቆመው የሽቦ ገመድና የጅራት መንጠቆ በመሠረተ ሐሳቡ ከዚህ የተለየ አይደለም። ኢሊ የባሕር ኃይል ባልደረባ ሳይሆን ሲቪል አብራሪ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር በጆርጂያ ግዛት በበረራ ትርኢት ላይ ሳለ በደረሰበት አደጋ ሕይወቱ አልፏል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ባሕር ኃይሎች የመረጡት በውኃ ላይ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች ነበር። እነዚህ በመርከብ ተጭነው ከሄዱ በኋላ በክሬን ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ ተልእኳቸውን ፈጽመው ሲመለሱም በክሬን ይነሣሉ። ጃፓን በ1914 ዋካሚያ በተባለችው መርከብ አማካይነት በቻይና ጠረፍ በጀርመን ተይዛ በነበረችው ቺንግታው ላይ በዚህ መንገድ የአየር ድብደባ ፈጽማለች። እንግሊዝም በዚያው ዓመት በገና ዕለት በጀርመን ኩክስሃቨን አካባቢ የሚገኙትን የዜፔሊን አየር መርከቦች መጠለያዎች ለመምታት ሰባት አውሮፕላኖች አሰማርታለች። ዘዴው ግን ባሕሩ ሲናወጥ አይሠራም፤ አውሮፕላኖቹም ከነተንሳፋፊ እግራቸው ከባድና ዝግተኛ ነበሩ።

ስለዚህ ጎማ ያለውን አውሮፕላን በምትንቀሳቀስ መርከብ ላይ የማሳረፍ ሙከራ ተጀመረ። ኦገስት 2 ቀን 1917 እንግሊዛዊው መኮንን ኤድዊን ደኒንግ ፊዩሪየስ በተባለችው መርከብ ላይ ሲያርፍ፣ አውሮፕላኑን ያቆሙት ወለሉ ላይ ተሰልፈው የጠበቁት ጓደኞቹ በእጃቸው እየያዙ ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ሙከራውን ሲደግም አውሮፕላኑ ከመርከቧ ተንሸራቶ ባሕር ገባና ደኒንግ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ጁላይ ወር ከዚህችው መርከብ የተነሡ ሰባት ተዋጊ አውሮፕላኖች በቶንደርን የነበሩ ሁለት ዜፔሊኖችን አቃጥለዋል። ነገር ግን ከሰባቱ አንዱም በመርከቧ ላይ ተመልሶ አላረፈም። ከፊሉ ባሕር ላይ ወደቀ፣ ከፊሉ ገለልተኛ በነበረችው ዴንማርክ አረፈ። ከመርከብ መነሣት መፍትሔ አግኝቶ፣ መመለስ ግን ገና ያልተፈታ ችግር እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። መፍትሔው የመጣው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቋረጠ ሜዳ መሰል ወለል ባላት አርገስ በተባለች መርከብ ሲሆን፣ እርሷም አገልግሎት የጀመረችው ጦርነቱ ሊያበቃ ሁለት ወር ሲቀረው በሴፕቴምበር 1918 ነው።

እንግሊዝ በዚህ ጊዜ በዘርፉ ከማንም ቀድማ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት ኤፕሪል 1 ቀን የባሕር ኃይሉ የአየር አገልግሎት ከምድር ጦሩ የበረራ ክፍል ጋር ተዋሕዶ የሮያል አየር ኃይል ተመሠረተ። የውሳኔው መነሻ በቂ ምክንያት ነበረው። በ1917 የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን በቀን ሲደበድቡ የከተማይቱ መከላከያ በሁለት መሥሪያ ቤቶች ተከፋፍሎ ነበር፤ ሁለቱ ክፍሎችም ለአውሮፕላንና ለሞተር ግዢ እርስ በርስ ይሻሙ ነበር። ጉዳዩን እንዲያጠኑ የተመደቡት ጄኔራል ያን ስመትስ ራሱን የቻለ የአየር ሚኒስቴር እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ፤ ተቀባይነትም አገኘ። በዚህም መሠረት ከ50 ሺህ በላይ ሠራተኞችና ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ አውሮፕላኖች በአንድ ቀን ከባሕር ኃይሉ ወጡ።

ከዚያ በኋላ የተከተለው የሁለት ጌታ አሠራር ነው። መርከቦቹ የአድሚራሊቲው፣ አውሮፕላኖቹ የአየር ሚኒስቴሩ ሆኑ። በ1924 በተደረሰ ስምምነት ከአብራሪዎቹ 70 በመቶ ያህሉ የባሕር ኃይል መኮንኖች እንዲሆኑ ሲወሰን፣ እነዚህ መኮንኖች የባሕር ኃይልና የአየር ኃይል ማዕረግ ደርበው እንዲይዙ ተደረገ። አዲሱ አየር ኃይል ዋና ተልእኮዬ የሚለው ከሩቅ የሚደረግ የከባድ ቦምብ ድብደባ ስለነበር፣ ለመርከብ የሚሆን አውሮፕላን ማሠራት ከዕቅዱ ግርጌ የሚገኝ ጉዳይ ነበር። ባሕር ኃይሉም በበኩሉ በአቪዬሽን ያደገ አዛዥ ማፍራት አልቻለም፤ የተሻለ ልምድ የነበራቸው በ1918 ሄደዋልና። ክርክሩ ለሃያ ዓመት ያህል ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ ሲንከባለል ቆይቶ፣ በ1937 የመከላከያ ማስተባበሪያ ሚኒስትር የነበሩት ሰር ቶማስ ኢንስኪፕ ለባሕር ኃይሉ ፈረዱ። ርክክቡ የተጠናቀቀው በሜይ 1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ከአራት ወር ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወደ ጦርነቱ ይዞት የገባው ዋና አውሮፕላን በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር፣ ባለ ድርብ ክንፍና በጨርቅ የተሸፈነ ሶርድፊሽ የተባለ ሥሪት ነበር። በዚያው ዘመን የጃፓን ባሕር ኃይል በ1940 ያሰለፈው ዜሮ ተዋጊ አውሮፕላን በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይበር ነበር።

አሜሪካ ተመሳሳይ ክርክር ቢገጥማትም ውሳኔዋ የተለየ ሆነ። የምድር ጦሩ ጄኔራል ዊሊያም ሚቸል በ1921 ከጀርመን የተማረከችውን ኦስትፍሪስላንድ የተባለች ከባድ የጦር መርከብ በቦምብ በማስጠም የባሕር ኃይል ዘመን እንዳበቃና አውሮፕላኖች ሁሉ በአንድ አየር ኃይል ሥር መጠቃለል እንዳለባቸው አጥብቀው ይሞግቱ ነበር። በባሕር ኃይሉ በኩል የቆሙት በዚያው ዓመት የተቋቋመውን የአቪዬሽን ቢሮ የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነው የተሾሙት ሪር አድሚራል ዊሊያም ሞፌት ናቸው። ሞፌት ሥራቸውን ያካሄዱት በአብዛኛው በጽሕፈት ቤት ነበር፤ በበጀት፣ በሹመትና በደንብ። ትልቁ ውጤታቸው በ1926 የወጣው ሕግ ሲሆን፣ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አዛዥ ሆኖ የሚሾም መኮንን የበረራ ሥልጠና ያገኘ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ሕጉ አቪዬሽንን ለሹመት የሚያበቃ መንገድ ስላደረገው በዕድሜ የገፉ ካፒቴኖች ሳይቀሩ ወደ በረራ ትምህርት ቤት ገቡ። ኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መላውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመሩት ኧርነስት ኪንግ የአብራሪነት ምልክታቸውን ያገኙት በ1927 በ48 ዓመታቸው ነው። ሚቸል ግን አለቆቻቸውን በአደባባይ በመንቀፋቸው በ1925 በወታደራዊ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል።

የአሜሪካ የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ተሸካሚ ላንግሌይ የድንጋይ ከሰል ማመላለሻ ከነበረች መርከብ ተለውጣ በ1922 አገልግሎት ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ከደርዘን ብዙም የማይበልጡ አውሮፕላኖች ብቻ ታሰማራ ነበር። ካፒቴን ጆሴፍ ሪቭስ የአውሮፕላኖቹን አዛዥነት በ1925 ከያዙ በኋላ ግን ያረፉትን በወለሉ የፊት ክፍል በማስጠጋትና የሠራተኛውን የሥራ ክፍፍል በመለወጥ ቁጥሩን ወደ 40 ከፍ አደረጉት። መርከቧ አንድ ሜትር እንኳ አልረዘመችም።

ጃፓን ዕውቀቱን የቀሰመችው ከእንግሊዝ ነበር። በ1921 በዊሊያም ሴምፒል የተመራ 30 ያህል አባላት ያሉት የእንግሊዝ የአሠልጣኞች ቡድን ካሱሚጋውራ በተባለው የበረራ ጣቢያ የጃፓን ባሕር ኃይል አብራሪዎችን አሠልጥኗል። በቀጣዩ ዓመት ሆሾ የተባለች አውሮፕላን ተሸካሚ አገልግሎት ጀመረች። በዚህች አገር ክርክሩ አልተነሣም ማለት ይቻላል፤ የምድር ጦሩና ባሕር ኃይሉ እስከ መጨረሻው የየራሳቸውን የአየር ክፍል ይዘው ቆይተዋል። የ1922ቱ የዋሽንግተን ስምምነትም የከባድ ጦር መርከቦችን ቁጥር ሲገድብ በግንባታ ላይ የነበሩ አንዳንድ ቀፎዎች ወደ አውሮፕላን ተሸካሚነት እንዲለወጡ ስለፈቀደ፣ የአሜሪካዎቹ ሌክሲንግተንና ሳራቶጋ፣ የጃፓኖቹ አካጊና ካጋ ከዚያ ተገኙ።

ኢጣሊያና ጀርመን በተቃራኒው ጫፍ ላይ ይገኛሉ። በፋሺስት ኢጣሊያ የሚበር ነገር ሁሉ የአየር ኃይሉ ነበር። ሙሶሊኒ ኢጣሊያ ራሷ ወደ ሜዲትራንያን የተዘረጋች የማትሰጥም አውሮፕላን ተሸካሚ ናት በማለት ባሕር ኃይሉ እንዲህ ያለ መርከብ እንደማያስፈልገው ያምኑ ነበር። ጀርመንም በ1938 ግራፍ ዜፔሊን የተባለች ተሸካሚ መርከብ ውኃ ላይ ብታወርድም፣ ባሕር ኃይሉ ከአየር ኃይሉ አዛዥ ከኸርማን ጎሪንግ ጋር በነበረው ሽኩቻና በሌሎች የጦርነቱ ቅድሚያዎች ምክንያት ግንባታዋ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል።

የዚህ ውጤት የታየው በፍጥነት ነው። በኖቬምበር 11 ቀን 1940 ሌሊት ኢላስትሪየስ ከተባለች መርከብ የተነሡ 21 ሶርድፊሽ አውሮፕላኖች በታራንቶ ወደብ የነበሩ ሦስት የኢጣሊያ ከባድ የጦር መርከቦችን መቱ፤ የጠፉት አውሮፕላኖች ሁለት ብቻ ናቸው። በማርች 1941 መጨረሻ በማታፓን የባሕር ውጊያ ፎርሚዳብል ከተባለች ተሸካሚ የተነሡ አውሮፕላኖች ፖላ የተባለችውን የኢጣሊያ ክሩዘር በቶርፒዶ መትተው አቆሟት። እርሷን ለመርዳት የተመለሱትም መርከቦች በሌሊት በእንግሊዝ መርከቦች እጅ ወደቁ። ሦስት ክሩዘሮችና ሁለት አጥፊ መርከቦች ከ2 ሺህ 300 በላይ ከሆኑ መርከበኞች ጋር ጠፉ። ኢጣሊያ ሮማ የተባለችውን የመንገደኛ መርከብ ወደ አውሮፕላን ተሸካሚነት እንድትለወጥ ያዘዘችው ከዚህ በኋላ ነው። አኩዊላ የሚል ስም የተሰጣት ይህች መርከብ ሥራዋ ሳያልቅ ጦርነቱ አበቃ።

ይህ ታሪክ የአገራችንን ከፋሺስት ወረራ ነፃ መውጣትም ይነካል። በ1941 መጀመሪያ ወራት በቀይ ባሕር የኢጣሊያ ባሕር ኃይል መቀመጫ ምፅዋ ነበረች። በፌብሩዋሪ ወር ፎርሚዳብል ወደ ሜዲትራንያን ስታልፍ አውሮፕላኖቿ ወደቡን ደብድበዋል። በማርች መጨረሻ ደግሞ የስዊዝ ቦይ በጀርመን አውሮፕላኖች በተጣሉ ፈንጂዎች በመታወኩ ኢግል የተባለችው ተሸካሚ ማለፍ ባትችል፣ ሶርድፊሽ አውሮፕላኖቿ ብቻቸውን ወደ ፖርት ሱዳን በረሩ። የኢጣሊያ አዛዦች ምፅዋ መያዟ እንደማይቀር ሲረዱ አምስት አጥፊ መርከቦችን ፖርት ሱዳንን እንዲደበድቡ ላኩ። ኤፕሪል 3 ቀን 1941፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 25 ቀን 1933 ዓ.ም፣ እነዚሁ አውሮፕላኖች ናዛሪዮ ሳውሮና ዳንየሌ ማኒን የተባሉትን ሁለት መርከቦች በቦምብ አሰጠሙ። የቀሩት ሦስቱ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ጠረፍ ተጠግተው በገዛ ሠራተኞቻቸው እንዲሰጥሙ ተደረገ። ከሦስት ቀን በኋላ አዲስ አበባ፣ ከአምስት ቀን በኋላ ምፅዋ ከፋሺስቶች እጅ ወጡ። ያለ አየር ሽፋን በጠራ ቀን ባሕር ላይ የተገኙት አምስቱ መርከቦች ዕጣ ከማታፓኑ የተለየ አልነበረም።

በፓስፊክ ውቅያኖስ የተደረገው ጦርነት በሰፊው የሚታወቅ ስለሆነ እዚህ በአጭሩ ይጠቀሳል። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 በስድስት የጃፓን ተሸካሚዎች ላይ የነበሩ ከ350 የማያንሱ አውሮፕላኖች ፐርል ሃርበርን መቱ። በሜይ 1942 በኮራል ባሕር የተዋጉት መርከቦች ሳይተያዩ ተዋጉ፤ በጁን ወር በሚድዌይ ጃፓን አራት ተሸካሚዎች አጣች። ብዙም የማይነገርለት ጉዳይ የሥልጠናው ነው። ጃፓን ከጦርነቱ በፊት እጅግ ጥብቅ በሆነ ምርጫ ጥቂት ድንቅ አብራሪዎችን ታፈራና እስኪሞቱ ድረስ በግንባር ታቆያቸው ነበር። አሜሪካ ልምድ ያገኙትን ወደ ኋላ እየመለሰች አስተማሪ ታደርጋቸዋለች። በጁን 1944 በፊሊፒንስ ባሕር የተጋጠሙት እንግዲህ ጀማሪ የጃፓን አብራሪዎችና በቂ ሥልጠና የወሰዱ አሜሪካውያን ነበሩ። ጃፓን በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ተሸካሚዎችንና በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖችን አጣች። ቀሪዎቹ ተሸካሚዎቿ ከዚያ ወዲያ በቂ አብራሪ አላገኙም።

ከጦርነቱ በኋላ የጄት ሞተር መምጣት የማረፉን ችግር እንደ አዲስ አስነሣ። ጄት ከባድ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ገመዱን ከሳተ ፊት ለፊት በቆሙት አውሮፕላኖች ላይ ይወጣል። መፍትሔዎቹ ሦስት ሲሆኑ ሦስቱም በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰዎች የመነጩ ናቸው። አንደኛው የማረፊያውን መስመር ከመርከቧ ቁመት ጥቂት ዲግሪ ወደ ጎን ማዘንበል ነው፤ ገመዱን የሳተ አብራሪ ማንንም ሳይነካ እንደገና ይነሣል። ሁለተኛው በመርከቧ እንፋሎት ኃይል አውሮፕላኑን የሚያስወነጭፈው ካታፑልት ነው። ሦስተኛው አብራሪው የአወራረዱን ትክክለኛነት በራሱ ዓይን የሚያይበት የመስተዋትና የመብራት መሣሪያ ነው። የዚህ መሣሪያ ፈልሳፊ ኒኮላስ ጉድሃርት ሐሳባቸውን ለአለቆቻቸው ያስረዱት በቢሮ ጠረጴዛ ላይ የእጅ መስተዋት አቁመው፣ መካከሉን የአንዲት ጸሐፊ የከንፈር ቀለም አስምረውበት እንደነበር ይነገራል።

የባለቤትነቱ ክርክርም አልቆመም። በ1949 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሉዊስ ጆንሰን ዩናይትድ ስቴትስ የተባለችውን አዲስ ተሸካሚ ግንባታ ሲሰርዙ፣ የኒውክሌር ቦምብ የሚጥሉ የአየር ኃይሉ ረጅም ርቀት አውሮፕላኖች በቂ ናቸው የሚለው አስተሳሰብ አይሎ ነበር። የባሕር ኃይል ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ሱሊቫን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከዓመት በኋላ የኮሪያ ጦርነት ሲጀመር ግን ከጁላይ 3 ቀን 1950 አንሥቶ ቫሊ ፎርጅና ትራያምፍ ከተባሉ የአሜሪካና የእንግሊዝ ተሸካሚዎች የተነሡ አውሮፕላኖች ፒዮንግያንግ አካባቢ ያሉ ዒላማዎችን መምታት ያዙ።

በእንግሊዝም በ1966 የመከላከያ ሚኒስትሩ ዴኒስ ሂሊ ለአዲስ ተሸካሚ መርከብ ተይዞ የነበረውን ዕቅድ ሲሰርዙ፣ የባሕር ኃይሉ ሚኒስትርና የባሕር ኃይሉ ዋና አዛዥ ሥራቸውን ለቀዋል። በምድር ጣቢያ ያሉ የአየር ኃይል አውሮፕላኖች ለመርከቦቹ ሽፋን ይሰጣሉ የሚል ነበር ምክንያቱ። በ1982 አርጀንቲና የፎክላንድ ደሴቶችን ስትይዝ ከእንግሊዝ 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በዚያ ባሕር አንድም ቅርብ የምድር ጣቢያ አልነበረም። ዘመቻው የተቻለው ሄርሚስና ኢንቪንሲብል በተባሉ ሁለት መርከቦችና በላያቸው በነበሩ ከአጭር ወለል በሚነሡ ሲ ሃሪየር አውሮፕላኖች ነው። ኢንቪንሲብል ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት ለአውስትራሊያ ልትሸጥ ስምምነት ላይ ተደርሶ ነበር። ሄርሚስም ኋላ ለሕንድ ተሸጣ ቪራት በሚል ስም እስከ 2017 አገልግላለች።

ለቁጠባ ሲባል እንግሊዝ በ2010 መጨረሻ ሃሪየሮቿን፣ በ2011 መጀመሪያ አርክ ሮያል የተባለችውን መርከብ ከአገልግሎት አስወጣች። በዚያው ወር የሊቢያ ዘመቻ ተጀመረ። ፈረንሳይ ሻርል ደ ጎልን ስታሰማራ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች በመጀመሪያ ከአገራቸው፣ ቀጥሎም ከኢጣሊያ የምድር ጣቢያ መነሣት ነበረባቸው። ክዊን ኤልዛቤት የተባለችው 65 ሺህ ቶን የምትመዝን ተሸካሚ በ2017 አገልግሎት ስትጀምር፣ የምትሸከማቸው ኤፍ-35ቢ አውሮፕላኖች በአየር ኃይሉና በባሕር ኃይሉ የጋራ ክፍል ሥር እንዲሆኑ ተደርጓል።

በአሁኑ ጊዜ ሕግ ከ11 ያላነሱ ተሸካሚዎች እንዲኖሯት የሚያስገድዳት አሜሪካ ናት። በ2017 አገልግሎት የጀመረችው ጄራልድ ፎርድ 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀች ስትሆን፣ በእንፋሎት ፈንታ በኤሌክትሮ ማግኔት የሚሠራ ካታፑልት ተገጥሞላታል። ቻይና ከዩክሬን የተገዛ ያላለቀ ቀፎ አድሳ ሊያዎኒንግን በ2012 አሰለፈች። ሻንዶንግ በ2019 የተከተለች ሲሆን፣ በ2022 ውኃ ላይ የወረደችው ፉጂያንም እንደ ፎርድ ኤሌክትሮ ማግኔታዊ ካታፑልት አላት። ትኩረት የሚስበው ቻይና በ2023 በምድር ጣቢያ የነበሩትን አብዛኞቹን የባሕር ኃይል ተዋጊና ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ወደ አየር ኃይሏ ማዛወሯና ባሕር ኃይሉ በተሸካሚዎቹ ላይ እንዲያተኩር ማድረጓ ነው። ሕንድ ራሷ የሠራቻትን ቪክራንትን በ2022 ተረክባለች። ቱርክ በበኩሏ በኖቬምበር 2024 ባይራክታር ቲቢ3 የተባለውን ሰው አልባ አውሮፕላን አናዶሉ ከተባለችው መርከብ አስነሥታ በዚያው ላይ አሳርፋለች።

በቀይ ባሕርም የአሜሪካ ተሸካሚዎች ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በንግድ መርከቦች ላይ የሚሰነዝሩትን ጥቃት ለመመከት እየተፈራረቁ ተሰማርተዋል። ከእነርሱ አንዷ የሆነችው ሃሪ ትሩማን በሜይ 6 ቀን 2025 ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ አንድ ተዋጊ ጄት አጥታለች። አውሮፕላኑ የተመታ አልነበረም፤ ለማረፍ ወርዶ የማቆሚያው ሥርዓት ሊይዘው ባለመቻሉ ወደ ባሕር ገብቷል። ሁለቱ አብራሪዎች በመቀመጫ ማስፈንጠሪያ ወጥተው በሄሊኮፕተር ከውኃ ተነሥተዋል።